የፊደሉ መጠን የአንባቢው ነው



ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ሲሰሙት ጥቃቅን ይመስላል። በድረ ገጽ ላይ የሚወጣ የአማርኛ ጽሑፍ በየብሮውዘሩና በየኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ለምን መጠኑ ይለያያል? እኛስ ምን ማድረግ አለብን? ዜናው፣ የፈተና ውጤቱ፣ የጨረታ ማስታወቂያው፣ የሐኪሙ ምክር፣ አዋጁ ሳይቀር በስልክ ስክሪን ላይ በሚነበብበት በዚህ ጊዜ ጉዳዩን ለውበት ብቻ ልንተወው አንችልም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኮድ የምትጽፉ አላችሁ፣ ጽሑፍ የምታርሙና የምታዘጋጁ አላችሁ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ ለመሥሪያ ቤታችሁ ድረ ገጽ የምታሠሩም አላችሁ። የምናገረው ለሁላችሁም ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ። የፊደሉ መጠን የአንባቢው ነው። ገጹን የሚሠራው ባለሙያ ጥሩ መነሻ ያበጃል፣ የርዕሱንና የዋናውን ጽሑፍ ምጣኔ ያስተካክላል። ከዚያ ወዲያ ገጹ የአንባቢውን ዓይንና አንባቢው የመረጠውን ቅንብር ተከትሎ መስፋትና መጥበብ አለበት። ብዙዎቹ የአማርኛ ገጾቻችን ይህን አያደርጉም። የተሠሩት በአንድ ባለሙያ ላፕቶፕ ልክ ነው፤ ያ ላፕቶፕ ደግሞ በአንባቢው እጅ የለም።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይጠቅማል። አፕል እ.ኤ.አ. በ1984 ማኪንቶሽን ሲያወጣ በስክሪኑ ላይ በአንድ ኢንች 72 ነጥቦች ወይም ፒክሰሎች እንዲሰለፉ አደረገ። በኮምፒውተር ኅትመት አንድ ኢንች 72 ፖይንት ነውና፣ በስክሪን ላይ የሚታየው የ12 ፖይንት ፊደል ከወረቀቱ ጋር እኩል ይመጣል። ማይክሮሶፍት በበኩሉ ዊንዶውስን ሲሠራ አንድ ኢንችን 96 ፒክሰል አድርጎ ቆጠረ። ስለዚህ ያው 12 ፖይንት በማክ 12 ፒክሰል፣ በዊንዶውስ 16 ፒክሰል ሆኖ ይሳላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በዊንዶውስ ላይ ደህና ይነበብ የነበረ ገጽ ማክ ላይ ሲከፈት የጉንዳን ሰልፍ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የማክ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 መነሻውን 16 ፒክሰል አድርጎ ሁለቱን ወገኖች አቀራረበ። ኋላ ላይ የድረ ገጽን መልክ የምንጽፍበት ቋንቋ፣ ሲኤስኤስ፣ ራሱ አንድ ኢንች 96 ፒክሰል ነው ብሎ ደነገገ፤ ዛሬም ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና ኤጅ ማንም ካልነካቸው ዋናውን ጽሑፍ በ16 ፒክሰል ያወጣሉ።

ለላቲን ፊደል የመጠኑ ጠብ በአመዛኙ እዚህ ላይ በረደ። ለእኛ ፊደል አልበረደም። ምክንያቱን ቀረብ ብለን እንየው።

ኮድ ውስጥ «16 ፒክሰል» ብላችሁ ስትጽፉ የፊደሉን ቁመት አልተናገራችሁም። ያ ቁጥር ፎንቱን የሣለው ሰው እያንዳንዱን ፊደል ያስቀመጠበት የማይታይ ሳጥን ቁመት ነው። ፊደሉ ከሳጥኑ ውስጥ ምን ያህሉን ይሙላ፣ ከላይና ከታች ምን ያህል ክፍት ቦታ ይቅር የሚለውን የወሰነው ፎንት ሠሪው ነው። ሁለት ፎንቶች በአንድ ዓይነት 16 ፒክሰል ተጽፈው አንዱ ከሌላው በግልጽ አንሶ የሚታየው ለዚህ ነው። ለአማርኛ ደግሞ እያንዳንዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የራሱን ፎንት ይዞ ይመጣል።

የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የጋራ የኮድ ሥርዓት በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የሶፍትዌር ድርጅት ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እያስቀመጠ የየራሱን ፎንት ይሸጥ ነበር፤ አንባቢውም ያንን ፎንት ካልጫነ የሚያየው ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነበር። ዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ገበያ ላይ በዋለው ቪስታ ነው፤ ፎንቱም ኒያላ ይባላል። ኒያላ የብዕር ጽሕፈታችንን ወዝ የያዘ ቆንጆ ሥራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ቦታ ይዞ የሚቀመጥ፣ ቀጭን ጭረት ያለው ፎንት ነው። ከእንግሊዝኛ ቃል አጠገብ ሲቀመጥ አማርኛው ከመስመሩ ሸሽቶ የቀረ ይመስላል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ኢብሪማ የተባለው ፎንት የግዕዝን ፊደል ጨመረ፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ ኒያላ ፈላጊው ብቻ የሚጭነው ተጨማሪ ፎንት ሆነ። ማክ ላይ ኬፋ አለ። አንድሮይድ ላይ የጉግል ኖቶ ፎንቶች አሉ። ሊኑክስ ላይ እንደየስርጭቱ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይገኛል።

እንግዲህ ገጻችሁ ውስጥ ፎንቱን «ኤርያል» ብላችሁ ብቻ ጻፋችሁ እንበል። ኤርያል ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። ብሮውዘሩ ባዶውን ለመሙላት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ያገኘውን ይወስዳል፦ በአሮጌው ዊንዶውስ ኒያላን፣ በአዲሱ ኢብሪማን፣ በማክ ኬፋን፣ በአንድሮይድ ስልክ ኖቶን። የጻፋችሁት ቁጥር አንድ ነው፤ የሚታየው መጠን፣ ውፍረትና በመስመር መካከል ያለው ርቀት ግን አራት ዓይነት ነው። የመስመሩን ቁመት ሳትወስኑ ከተዋችሁት አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበት መስመር ከሌላው መስመር ይሰፋል፤ ምክንያቱም ባዶውን የሞላው ተጠባባቂ ፎንት የራሱን ልኬት ይዞ ወደ መስመሩ ይገባል። አንቀጹ ሲታይ አንዱ መስመር ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ያለ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ኮዱ የተበላሸ ይመስለዋል።

አሁን ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የሚነካውን ላሳያችሁ። ት እና ች የተባሉትን ፊደሎች በዓይነ ሕሊናችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ልዩነታቸው አናቱ ላይ ያለች አንዲት አግዳሚ ጭረት ናት። ን እና ኝ፣ ሰ እና ሸ፣ ዘ እና ዠ እንዲሁ ናቸው። ጽሑፉ በ12 ፒክሰል ሲሳልና ስክሪኑ ተራ የቢሮ ስክሪን ሲሆን ፊደሉ ከላይ እስከ ታች የሚያገኘው ዘጠኝ ገደማ የነጥብ ረድፍ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ረድፎች ውስጥ የአናቱ ጭረት፣ ከሥሩ ያለው ክፍተት፣ የፊደሉ ክንድና እግር ሁሉ መግባት አለባቸው። ለክፍተቱ የሚደርሰው አንድ ረድፍ ነው። ጭረቱ በሁለት ረድፎች መካከል ከወደቀ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ግራጫ ይቀባቸዋል፤ ክፍተቱም ይሞላል፤ ች ወፈር ያለ ት ይሆናል። «በላች» እና «በላት» አንድ ይሆናሉ ማለት ነው፤ በአንደኛው ሴትየዋ በልታለች፣ በሁለተኛው ተበልታለች። «ዳኛ» ከ«ዳና»፣ «ሸማ» ከ«ሰማ» አይለይም። አንባቢ ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት አውጥቶ ሊደርስበት ይችላል፤ የሰው ስም ሲሆን፣ የመድኃኒት ስም ሲሆን፣ የመንደር ስም ሲሆን ግን ስሜቱ አይረዳውም።

የላቲን ትናንሽ ፊደላት ወደ ላይ የሚዘልቅ፣ ወደ ታች የሚወርድ ክፍል ስላላቸው ቃሉ ከሩቅ የራሱ ቅርጽ ይኖረዋል። የእኛ ፊደላት በአብዛኛው አንድ ቁመት አላቸው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲበዙ 231 ምስል ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋሉ። ያን ሁሉ ምስል የሚለየው ትናንሽ ቀለበት፣ ጭረትና የእግር መቀጠል ነው። ስለዚህ 16 ፒክሰል ለእንግሊዝኛ ይበቃል ማለት ለአማርኛ ይበቃል ማለት አይደለም። እኔ በሥራዬ ለዋናው የአማርኛ ጽሑፍ የምነሣው ከመነሻው መጠን 112 ወይም 115 በመቶ ነው፤ ይህም ወደ 18 ፒክሰል ይጠጋል። የመስመሩን ቁመት ከፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ አደርገዋለሁ። ከፎቶ ሥር ለሚጻፍ መግለጫና ለቀን እንኳ ከ15 ፒክሰል በታች አልወርድም። በገጽ ግርጌ ላይ በ11 ፒክሰል ግራጫ ቀለም አድራሻና የሥራ ሰዓት መጻፍ አንባቢን መግፋት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አድራሻ ፈላጊው ብዙ ጊዜ የቸገረው ሰው ነውና።

ኦፕሬቲንግ ሲስተሞቹ ፊደሉን የሚስሉበት መንገድም ይለያያል። ዊንዶውስ ጭረቱን ወደ ነጥቦቹ ረድፍ እየጎተተ ስል ሊያደርገው ይሞክራል፤ ማክ የፊደሉን መልክ ሳይነካ ጠርዙን ያለዝበዋል። በዚህ የተነሣ ያው ፎንት በማክ ወፈር፣ በዊንዶውስ ቀጠን ብሎ ይታያል። ዲዛይነሮቻችን ብዙዎቹ የሚሠሩት ነጥቦቹ እጅግ በደቀቁበት ውድ ስክሪን ላይ ስለሆነ ቀጭን ፎንት ሲመርጡ ጉዳቱ አይታያቸውም። ያው ገጽ በመሥሪያ ቤት ዴስክቶፕ ላይ ሲከፈት ጭረቱ ይበጣጠሳል።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ የመጀመሪያው ነገር መለኪያው ነው። ክሮምን በኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ቅንብሩ ውስጥ ብትገቡ የፊደል መጠን የሚል ምርጫ ታገኛላችሁ፤ አምስት ደረጃ አለው፦ 9፣ 12፣ 16፣ 20 እና 24 ፒክሰል። ዓይናቸው የደከመ አባት ልጃቸው 24 ላይ አድርጎላቸዋል እንበል። ገጹ መጠኑን በፒክሰል ቆርጦ ከጻፈ ያ ምርጫ ምንም አይሠራም፤ ፊደሉ ንቅንቅ አይልም። በሬም ወይም በመቶኛ ከተጻፈ ግን አብሮ ያድጋል፤ አንድ ሬም ማለት የገጹ ሥር መጠን ነው፤ እሱም ማንም ካልነካው አንባቢው የመረጠው መነሻ ነውና። ብዙ ባለሙያ ሒሳቡ እንዲቀልለት የገጹን ሥር 10 ፒክሰል ያደርገዋል። 62.5 በመቶ ብሎ ቢጽፈው የሚያገኘው ሒሳብ ያው ነው፤ 16 ሲባዛ በ62.5 በመቶ 10 ይመጣል። በመጀመሪያው አጻጻፍ የአባትየው ምርጫ ይሰረዛል፣ በሁለተኛው ይከበራል። በኮዱ ውስጥ የሚለየው አንድ ቃል ብቻ ነው።

አንዳንዱ «ዙም አለ አይደል ወይ?» ይላል። አለ፤ የዛሬ ብሮውዘሮች ኮንትሮልና የመደመር ምልክት ሲጫኑ ገጹን በሙሉ ያጎላሉ፤ እንደ ድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 በፒክሰል የተጻፈን ጽሑፍ አልጎላም ብለው አይቀሩም። ስልክ ላይ ግን ባለሙያው ራሱ ዙሙን የሚቆልፍበት መንገድ አለ፤ ብዙ ገጽ ላይም ተቆልፎ ይገኛል። ለምን ይቆልፋሉ? አይፎን ላይ የጽሑፍ መሙያ ሳጥን ፊደሉ ከ16 ፒክሰል ካነሰ፣ ጣት ሲነካው ሳፋሪ ገጹን በራሱ ያጎላዋል። ባለሙያው ይህ ገጹን ያናጋብኛል ብሎ ዙሙን ለሁሉም ሰው ይዘጋል። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ፣ ከአይኦኤስ 10 ጀምሮ፣ ሳፋሪ ላይ ይህን ቁልፍ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ አንድሮይድ ላይ ግን አንባቢው ራሱ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ካላስገደደ በቀር ይሠራል። የሳጥኑን ፊደል 16 ፒክሰል ማድረግ ብቻውን ችግሩን ይፈታው ነበር። እባካችሁ፣ ኮዳችሁ ውስጥ ይህ ቁልፍ ካለ ዛሬውኑ አውጡት።

ፊደሉ ሲያድግ ደግሞ ዙሪያው አብሮ ማደግ አለበት። ቁመቱ በ40 ፒክሰል የተወሰነ የሚጫኑት ቁልፍ ውስጥ «ማመልከቻውን አስገባ» ተብሎ ተጽፏል እንበል። አንባቢው ጽሑፉን ሁለት እጥፍ ሲያደርገው «ማመልከቻውን» መስመሩን ይሞላዋል፤ «አስገባ» ወደ ሁለተኛው መስመር ይወርድና ከቁልፉ ሥር ተቆርጦ ይጠፋል። ሰውየው ምን እንደሚጫን ሳያውቅ ይቀራል። ለቁልፉ ቁመት አትወስኑ፤ ከላይና ከታች ክፍተት ሰጥታችሁ በጽሑፉ ልክ እንዲሰፋ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ሁለተኛው እትም፣ ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ ሲጎላ ይዘትም ሆነ አገልግሎት መጥፋት የለበትም ይላል።

የአማርኛ ቃል ርዝመት እዚህ ላይ የራሱን ጣጣ ያመጣል። ግሳችን ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውን ሁሉ በአንድ ቃል ተሸክሞ ስለሚሄድ «እንዳላስታወቋቸውም» ያለ ቃል ብርቅ አይደለም። ስፋቱ 360 ፒክሰል በሆነ የተለመደ ስልክ ላይ፣ በ18 ፒክሰል ሲጻፍ፣ አንድ መስመር ከ25 እስከ 30 ፊደል ገደማ ይይዛል። ፊደሉ ሁለት እጥፍ ሲያድግ መስመሩ በግማሽ ያጥራል፤ አንድ ረጅም ቃል መስመሩን ብቻውን ሊይዝ ይችላል። የብራና ጸሐፊዎች ቦታ ሲያልቅባቸው ቃሉን በየትኛውም ፊደል ላይ ቆርጠው ወደሚቀጥለው መስመር ይሻገሩ ነበር፤ ሁለት ነጥብ ቃላቱን ስለሚለይ አንባቢው አይደናገርም። ዛሬ በባዶ ቦታ ስለምንለይ ብሮውዘሩ ቃሉን አይቆርጥም፤ ያልበቃው ቃል ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ ይወጣል። ስለዚህ ቃሉ ጨርሶ ካልበቃ ብቻ እንዲቆርጥ የሚፈቅደውን የሲኤስኤስ ትእዛዝ ማስገባት ያስፈልጋል። ደግሞም የአማርኛ ጽሑፍን በስልክ ላይ ግራና ቀኝ አስተካክሎ ለመደርደር መሞከርን እቃወማለሁ። በቃላቱ መካከል የሚፈጠረው ገደል ንባቡን ይገድለዋል።

የራሳችንን ፎንት ከገጹ ጋር ብንልክስ? ጥሩ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው። ለሁሉም አንድ መልክ ይሰጣል። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ከ300 በላይ ምስል የያዘ የግዕዝ ፎንት ከላቲኑ ፎንት በብዙ ይከብዳል፤ በካርድ ዳታ የሚያነብ ሰው ያንን ክብደት ከኪሱ ይከፍላል። አንድ ዓይነት ውፍረት ይበቃል፤ አራትና አምስት ዓይነት መላክ ብክነት ነው። ሁለተኛ፣ ፎንቱ ላይደርስ ይችላል። ኦፔራ ሚኒ ዳታ ለመቆጠብ ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ ጨምቆ ሲልክ የተላከውን ፎንት አይጠቀምም፤ ኔትወርክ ሲደክምም መዘግየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ አንባቢው የሚያየው ተጠባባቂውን ፎንት ነው። ስለዚህ የተጠባባቂውን መጠን አስቀድሞ ማስተካከል የግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ክሮምና ፋየርፎክስ፣ በ2023 ደግሞ ሳፋሪ የተቀበሉት አዲስ የሲኤስኤስ መንገድ አለ፤ ስሙ ሳይዝ-አድጀስት ነው። ኒያላን ስትጠሩ «115 በመቶ አድርገህ ሳለው» ትሉታላችሁ፤ ኢብሪማን በሌላ ቁጥር፣ ኬፋን በሌላ። ቁጥሩን የምታገኙት ሁለቱን ፎንቶች አንዱን በሌላው ላይ ደርባችሁ ቁመታቸው እስኪገጥም በማስተካከል ነው። ከዚህ ጋር የዩኒኮድ ክልል መወሰኛውን ብትጨምሩ ማስተካከያው የግዕዝን ፊደላት ብቻ ይነካል፤ እንግሊዝኛው እንዳለ ይቀራል። ፎንት-ሳይዝ-አድጀስት የሚባለው ሌላው ትእዛዝ በተለመደው አጠቃቀሙ የሚለካው በላቲን ትናንሽ ፊደላት ቁመት ስለሆነ ለእኛ ያን ያህል አይበጅም።

አንድ በጣም ቀላል፣ ግን ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የገጹ መጀመሪያ ላይ ቋንቋውን የሚናገር መግለጫ አለ። ከውጭ የመጣ ቴምፕሌት ስለምንጠቀም ብዙው የአማርኛ ገጽ «ቋንቋዬ እንግሊዝኛ ነው» እያለ ይኖራል። ፋየርፎክስ በቅንብሩ ውስጥ ለኢትዮጵያ ፊደል ለብቻው ፎንትና መጠን እንዲመረጥ ይፈቅዳል፤ ገጹ እንግሊዝኛ ነኝ ካለው ግን አንባቢው ለአማርኛ ያዘጋጀውን መጠን አይሰጠውም። ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌርም እንዲሁ ይሳሳታል። በእስራኤል ዕብራይስጥና አማርኛ በአንድ ገጽ ላይ ለሚያወጡ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ለሚያትሙ ወገኖቻችን ቋንቋውን በትክክል ማስታወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። እያንዳንዱ አንቀጽ ቋንቋው ከታወቀ ለአማርኛው ብቻ ተለቅ ያለ መጠንና ሰፋ ያለ የመስመር ቁመት መስጠት ይቻላል።

ድረ ገጽ ለምታሠሩ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ምክር አለኝ። ሥራውን ስትረከቡ ባለሙያው በላፕቶፑ የሚያሳያችሁን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ውላችሁ ውስጥ አስገቡት፦ ገጹ በአንድ ርካሽ የአንድሮይድ ስልክ፣ በአንድ የቆየ የዊንዶውስ ዴስክቶፕና በአንድ አይፎን ላይ በፊታችሁ ይከፈት፤ ጽሑፉ ሁለት እጥፍ ይጉላ፤ ፎንቱ እንዳይደርስ ተደርጎ እንደገና ይታይ። ከሠራተኞቻችሁ መካከል መነጽር የሚያደርጉት አንድ ቅጽ መነጽራቸውን አውልቀው ይሙሉት።

አሁን ስልካችሁን አውጡና የራሳችሁን መሥሪያ ቤት ገጽ ክፈቱ። አንድሮይድ የያዛችሁ ክሮም ውስጥ ቅንብር፣ ቀጥሎ ተደራሽነት ግቡና ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አጉሉት። አይፎን የያዛችሁ ሳፋሪ ላይ ከአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ተጭናችሁ 200 በመቶ አድርሱት። የተቆረጠ ቁልፍ፣ ከጠርዝ ያለፈ ቃል ወይም አልጎላም ያለ ጽሑፍ ያገኛችሁ እጃችሁን አውጡ፤ አንድ በአንድ እዚሁ ስክሪን ላይ ከፍተን ኮዱን አብረን እናየዋለን።